ስንዴ ሞልቶ ጆንያ ሲያልቅ፦ የምርት ፕላንና የስቶክ ችግርና መፍትሄ

ዱቄት ፋብሪካ ላይ ፕላኒንግ ወይ ስቶር ለምትሰሩ ነው የምጽፈው። ዘይት፣ ብስኩት፣ መኖ የምትሰሩም ብታነቡት ነገሩ ያው ነው፣ ስንዴ ያልኩበት ላይ ኑግ ወይ በቆሎ እያላችሁ እለፉ። ከደጀን እስከ ባህር ዳር ባለው መስመር ከአንድ በላይ ፋብሪካ ሰርቻለሁ፣ አሁንም ማታ ማታ ስልክ ይደወልልኛል፣ የሚደወልልኝም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አይነት በሽታ ነው፣ ስለዚህ እሱን ረዘም አርጌ ላውራ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ።

ቢን ካርድ (የስቶር ገቢና ወጪ ካርዱ) ምን እንደሆነ፣ ጂአርኤን (የገባ እቃ መረከቢያ ደረሰኙ) እንዴት እንደሚቆረጥ አላስረዳም። ሚዛኑ ተፈትሿል፣ ገቢና ወጪ በእለቱ ይመዘገባል፣ የመጨረሻው ቆጠራ ወር አላለፈውም፣ እነዚህን አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ነው የምነሳው። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን አይታችሁ ተመለሱ፣ ሰው አታድክሙ።

ምልክት፦ ስንዴ እስከ ጣሪያ አለ፣ መብራት አለ፣ ማሽን ደህና ነው፣ ፋብሪካው ግን ቆሟል

አዲስ ስንዴ ገብቶ መጋዘን ሲሞላ፣ ታህሳስና ጥር ላይ፣ ይሄ ስልክ አይቀርም። አንድ ጊዜ የደወለልኝ ስራ አስኪያጅ ‹‹ወንድም ዓለም፣ 8 ሺ ኩንታል ስንዴ ላይ ቁጭ ብዬ ሰራተኛውን ፀሐይ እያሞቅሁት ነው›› አለኝ። ምን ጎደለህ? ጆንያ። የትኛው ጆንያ? ባለ 25ቱ። ባለ 50ውስ? እሱማ ሞልቷል።

እዚህ ላይ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፕላን ምን ይላል? ‹‹በቀን 600 ኩንታል›› ይላል። በቃ፣ በሽታው ተገኘ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በቀን 600 ኩንታል ማስተር ስኬጁል አይደለም፣ እሱ የወፍጮው ጉልበት ነው። ማስተር ስኬጁል ማለት ደንበኛ መጥቶ በስሙ የሚጠራው እቃ በየትኛው ሳምንት ስንት ይወጣል የሚለው ነው። ደንበኛ ደሞ ኩንታል ስጡኝ ብሎ አይመጣም፣ ዳቦ ቤት ከሆነ ባለ 50 ይላል፣ ሱቅ ከሆነ ባለ 25 ይላል፣ አንዳንዱ ባለ 5 ኪሎ ይላል። ፕላናችሁ ደንበኛው የሚናገረውን ስም የማያውቅ ከሆነ ለማን ነው የምታቅዱት?

ቁጥሩን አብረን እንየው። 600 ኩንታል ስንዴ ተፈጭቶ 75 በመቶ ዱቄት ከወጣው 450 ኩንታል ዱቄት ነው፣ የቀረው ፉሩሽካና ብናኝ። ግማሹ በባለ 50 ግማሹ በባለ 25 ቢታሸግ በቀን 450 ባለ 50 ጆንያ እና 900 ባለ 25 ጆንያ ይሄዳል። አሁን በዓል ቀረበ እንበል፣ ሱቁ ሁሉ ባለ 25 ባለ 25 እያለ ተሰለፈ፣ ሽያጭ ክፍል ማንንም ሳያማክር የዱቄቱን 80 በመቶ ወደ ባለ 25 አዞረው። ዱቄቱ ያው 450 ኩንታል ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀትም የነካው የለም፣ ባለ 25 ጆንያ ግን በቀን 1,440 መሄድ ጀመረ። ፕላኑ ላይ አንድ ፊደል ሳይቀየር የጆንያው ፍጆታ 60 በመቶ ዘለለ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ 18,000 ባለ 25 ነበረ፣ ስቶር ኪፐሩ በ900 አካፍሎ የ20 ቀን አለ ብሎ ተረጋግቷል፣ ከአዲስ አበባ ታትሞ ለመምጣት 15 የስራ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ከ5 ቀን በኋላ አዛለሁ ይላል። 18,000ን በ1,440 ስታካፍሉት 12 ቀን ተኩል ነው። ዛሬውኑ ቢያዝ ራሱ 2 ቀን ተኩል ይቆማል፣ እሱ ደሞ ከ5 ቀን በኋላ ነው የሚያዘው፣ በሉ ደምሩት፣ 7 ቀን ተኩል ፋብሪካ ቆሞ ይውላል። የሰረቀ የለም፣ የዋሸ የለም፣ የማካፈል ሂሳቡም ልክ ነው። ፕላኑ ጆንያ የሚባል ነገር መኖሩን ስለማያውቅ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ኩንታሉን ከግድግዳው አውርዱት። ለሚሸጥ እቃ ሁሉ የራሱ መስመር ስጡት፣ ሳምንቱን ወደ ጎን ዘርዝሩ፣ ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት ድረስ። ለምን 8 ካላችሁ ፕላናችሁ ከረጅሙ የእቃ መምጫ ጊዜ ማጠር የለበትም፣ ጆንያው ለመምጣት እስከ 26 የስራ ቀን ሊፈጅ የሚችል ከሆነ የሁለት ሳምንት ፕላን ምን ይረባችኋል፣ ማዘዝ የነበረባችሁ ቀን ካለፈ በኋላ ነው ችግሩን የሚያሳያችሁ።

ከዛ ቢኦኤም፣ ማለትም ለአንድ እቃ ምን ምን ስንት እንደሚገባ የሚዘረዝር ወረቀት፣ አውጡ። ቢኦኤም ሲባል ኢንጂነር ካልመጣ የማይሰራ አርጋችሁ አትፍሩት፣ እናቶቻችን ለድግስ ስንት እንጀራ በስንት ቁና ጤፍ ብለው የሚያስሉት ነው። አንድ ባለ 25 ዱቄት ለመሸጥ 33.3 ኪሎ ስንዴ፣ 1 ጆንያ ከነብላሹ፣ የመስፊያ ክር፣ ሌብል ካለው ሌብል። ክሩን በሜትር አትጨነቁ፣ አንድ ጥቅል ስንት ጆንያ እንደሚሰፋ አንድ ቀን ቁጠሩ፣ ያልቃል። የሳምንቱን ባለ 25 ብዛት በዚህ ታባዙታላችሁ፣ በእጅ ያለውንና በመንገድ ያለውን ትቀንሳላችሁ፣ የቀረው መታዘዝ ያለበት ነው፣ መቼ ካላችሁ ከሚያስፈልግበት ሳምንት በመምጫው ጊዜ ልክ ወደ ኋላ ተቆጥሮ። ኤምአርፒ የሚባለው ትልቅ ስም ይቺ ናት።

ጆንያን አትገምቱ፣ አስሉት። የባለ 25 ዱቄት ፍላጎት ይገመታል፣ ምክንያቱም ደንበኛው ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ የጆንያው ግን ከዱቄቱ ይቆጠራል እንጂ ለብቻው አይገመትም። ጆሴፍ ኦርሊኪ የተባለ ሰውዬ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሄንኑ ነው ሲል የኖረው። እኛ ጋ ግን እስከዛሬ ‹‹ባለፈው ወር ስንት ጆንያ ገዛን? ዘንድሮም እሱን ያህል ግዛ›› ነው የሚባለው።

አሁን ማዘዣ ነጥቡ፣ ማለትም ስንት ሲቀር ነው የሚታዘዘው የሚለው። 15 ቀን ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? አማካዩን ነው። የአምናን ማዘዣና ጂአርኤን አውጡና የታዘዘበትንና የገባበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉት። አንድ ቦታ ሳወጣው አንዱ በ11 የስራ ቀን ገብቷል፣ አንዱ በ26። አባይ በረሃ ላይ መኪና ተጋድሞ፣ ሹፌሩ ጎሃ ጽዮን ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ማተሚያ ቤቱ ጥሬ እቃ አጣሁ ብሎ፣ መንገዱ በሌላ በሌላ ምክንያት ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ማዘዣው ሳይላክ ቀርቶ፣ ሁሉም እዛ 26 ውስጥ አለ። እና አማካይ ይዞ ማቀድ ማለት በግማሹ ጊዜ እንደምትቆሙ አውቃችሁ መቀመጥ ነው።

ቀላሉ ስሌት፣ ትልቁ የቀን ፍጆታ ሲባዛ በረጅሙ መምጫ ጊዜ፣ 1,440 በ26 37,440 ነው። አማካዩ 900 በ15 13,500። ልዩነቱ 23,940 መጠባበቂያ ነው፣ 37,440 ደሞ ማዘዣ ነጥቡ፣ ካርዱ እዛ ሲደርስ ይታዘዛል። ይሄ ስሌት ያበዛል፣ አውቃለሁ፣ ሁለቱ ክፉ ነገር ሁሌ አብሮ አይመጣም ብሎ የሚከራከር አለ። እኛ ጋ ግን አብሮ ነው የሚመጣው፣ በዓል ሲደርስ ዱቄት ፋብሪካው ሁሉ ባለ 25 ያዛል፣ ማተሚያው ይጨናነቃል፣ የጭነት መኪናም ያኔ ነው የሚጠፋው። ባለቤቶች ይሄን ቁጥር ስነግራቸው ‹‹ገንዘቤን ጆንያ ላይ ላስተኛው?›› ብለው ይቆጣሉ። 8 ሺ ኩንታል ስንዴ ተኝቶ ነቀዝ ሲጠብቅ ያልተቆጣ ሰው በጆንያ ሲቆጣ እኔ ሳቄ ነው የሚመጣው።

ማስጠንቀቂያ፣ የስራ ቀንና የካሌንደር ቀን አታቀላቅሉ። ፍጆታችሁ በስራ ቀን ከሆነ የመምጫውም ጊዜ በስራ ቀን ይቆጠር።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ የድሮ አርማ ያለበት ጆንያ ካርዱ ላይ ይቀነስ። አንድ ቦታ ካርዱ 11 ሺ አለ ይላል፣ ገብቼ ሳይ የዛሬ ሁለት አመት አርማና የድሮ ስልክ ቁጥር የታተመበት ነው፣ ሽያጭ በዛ አልሸጥም ብሏል፣ ስቶሩ ግን ‹‹ጆንያ ጆንያ ነው›› ብሎ ቆጥሮታል።

ሌላም፣ ጆንያውን መዝኑት። 90 ግራም ብለን አዘን፣ 90 ግራም ተብሎ ተከፍሎ፣ 100 ጆንያ ሚዛን ላይ ስናወጣ 7.4 ኪሎ፣ ማለትም አንዱ 74 ግራም። በዛ ሳምንት ከመኪና ሲወርድ በስፌቱ በኩል ስንቱ ፈነዳ፣ የፈሰሰውን ዱቄት የጠረገው ሰው ያውቃል። ከንቱ ጆንያ ሻጭ ብላሻችሁን ያበዛዋል፣ ቢኦኤም ላይ 1 ጆንያ ብላችሁ ጽፋችሁ 1.05 ነው እየሄደ ያለው፣ ከ20ው አንዱ ማለት ነው፣ እሱም መቆሚያ ይሆናል። 100 ሳይመዘን ጂአርኤን አይቆረጥ፣ ሹፌሩ ቸኩያለሁ ቢልም፣ ምንም ቢልም።

የክሩን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ክረምት ላይ፣ ጆንያ አለ፣ ስንዴ አለ፣ የመስፊያ ማሽኑ ክር አለቀ። ክር! ማንም ካርድ ያላወጣለት፣ ‹‹እሱማ ትንሽ ነገር ነው›› ተብሎ ከፅዳት እቃ ጋር መደርደሪያ ላይ የተወረወረ። የከተማው ሱቅ ውስጥ ያለው ክር ለልብስ ነው፣ ማሽኑ ላይ ቢገባ ይበጠሳል። ሴቶቹ ወስፌና ሲባጎ ይዘው ተቀምጠው በእጅ ሰፉት፣ አንዷ እመት ‹‹ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ብረት የገዛ ሰው ክር ከበደው?›› አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም። በዛን ቀን ከወጣው ሩቡ እንኳ አልታሸገም። ከዛ ወዲህ የትም ፋብሪካ ስገባ መጀመሪያ የማየው የክር መደርደሪያውን ነው፣ ክሩ ካርድ ካለው የሌላውም ደህና ነው። ጆንያ፣ ክር፣ ሌብል፣ የመስፊያ መርፌ፣ እነዚህ ርካሽ ናቸውና በብዛት ይቀመጡ፣ የሶስት ወር ቢሆንም ግድ የለም። ብዙ ገንዘብ የሚይዘውን ስንዴውን ነው በየሳምንቱ አይን አይኑን የምታዩት።

ምልክት፦ ስኬጁሉ በየቀኑ ይቀየራል፣ ማታ የተለጠፈው ጠዋት አይሰራም

ምክንያቱ የሽያጭ ስልክ ነው። ትልቅ አከፋፋይ ይደውላል፣ ሽያጩ እሺ ይላል፣ ሮጦ ወደ ምርት ይመጣል፣ የዳቦው ዱቄት ቆሞ የቤቱ ይጀመራል፣ ወንፊት ይቀየራል፣ መስመር ይፀዳል፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። ከሰዓት ሌላ ስልክ።

የማይነካ ጊዜ አብጁ። የመጀመሪያው ሳምንት ይቆለፍ፣ ማንም አይነካውም፣ ስራ አስኪያጁ ካልፈረመ። ከዛ እስከ ጆንያው መምጫ ድረስ ያለው ጊዜ በመደራደር ይነካ፣ ጠቅላላ ብዛቱ ሳይሆን የባለ 50ውና የባለ 25ቱ ድርሻ፣ እሱም ጆንያው ካለ። ከዛ ወዲያ ያለውን እንደፈለጉ ያገላብጡት። ማስጠንቀቂያ፣ ለባለቤቱ ዘመድ የተከፈተ ቁልፍ ቁልፍ አይደለም፣ አንዴ ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉም ነው የተከፈተው።

ምልክት፦ እቃ እያለ ለደንበኛ ቃል የገባነውን አጣን

ይሄኛው አጭር ነው ግን ብዙ ሰው ያጣላል። ሽያጩ መጋዘን ያለውን አይቶ ይሸጣል፣ መጋዘን ያለው ግን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ዛሬ 2,000 ባለ 25 በእጅ አለ፣ በየሳምንቱ 5,400 ይመረታል። የተያዘው ትእዛዝ አንደኛ ሳምንት 4,700፣ ሁለተኛ 7,100፣ ሶስተኛ 1,400 ነው። ሽያጩ የሚያየው 2,000 ሲደመር 5,400 ሲቀነስ 4,700፣ 2,700 ነፃ አለኝ ብሎ ለመጣው ሁሉ ይሰጣል። ሁለተኛው ሳምንት ግን ከራሱ ምርት በላይ 1,700 ተሽጦበታል፣ ያ 1,700 ከዛሬው መያዝ አለበት፣ ስለዚህ ዛሬ በነፃነት የሚሸጠው 1,000 ብቻ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ዜሮ፣ ሶስተኛው 4,000። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሰላው፣ መጨረሻ ካለው ሳምንት ጀምራችሁ የጎደለውን ከፊቱ ካለው ሳምንት ትቀንሳላችሁ። ይቺን መስመር ኤክሴሉ ላይ ጨምሩና ሽያጩ እሷን ብቻ ይይ፣ የመጋዘኑን ብዛት ከሱ ደብቁት፣ ሲቆጣ ይቆጣ።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ አንድ በሽታ አለ። እቃ ሲያጥር ለአከፋፋዮች የጠየቁትን ግማሽ ትሰጣላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ይጠይቃሉ፣ ግማሹን ሲያገኙ የሚፈልጉትን እንዲያገኙ። እናንተ ደሞ ፍላጎት ጨመረ ብላችሁ ስንዴና ጆንያ ትገዛላችሁ፣ እጥረቱ ሲያልቅ ትእዛዙ በአንድ ቀን ይተናል። ስታከፋፍሉ ባለፈው ሶስት ወር በወሰዱት ልክ አከፋፍሉ እንጂ ዛሬ በጠየቁት አይደለም።

ምልክት፦ ፕላኑ ሁሌ ወደኋላ ነው፣ ‹‹ያለፈ›› የሚለው አምድ በየሳምንቱ ያብጣል

ያለፈ ስራ የሚባል ነገር ፕላን ላይ አይኖርም፣ ትናንትን የሚሰራ ማሽን እስካሁን አልተሰራም። ወደፊት አዛውሩት ወይ ሰርዙት።

መነሻው ብዙ ጊዜ የስራ ቀን ቆጠራ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ፕላን ሲሰራ ወሩን 26 ቀን ያረገዋል፣ 600 በ26 15,600 ኩንታል ይላል። እዚህ ጫኝና አውራጁ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር ቀና ብሎም አያይህ፣ ገበሬውም በዛን ቀን አይወቃም፣ አይጭንም። እሁድ ላይ ካልዋለ 22 ቀን ነው የሚቀራችሁ፣ 13,200 ኩንታል። 2,400 ኩንታል ከመጀመሪያው የሌለ ነገር ነው የታቀደው፣ ከዛ በየስብሰባው የምርት ሃላፊው ይወቀሳል። የበዓሉን ካሌንደር አውጥታችሁ አቅሙ ላይ ቀንሱት፣ መብራት የሚሄድበትንም ካለፈው ሶስት ወር መዝገብ ወስዳችሁ ቀንሱ። ከዛ በኋላም ፕላኑ ከአቅም ከበለጠ ፕላኑን ነው የምትቀንሱት፣ ሰውየውን አይደለም።

ምልክት፦ ስንዴው ሪከርድ ላይ አለ፣ ቆጠራ ላይ ጎደለ

ሌባ ከማለታችሁ በፊት እርጥበት በሉ። አንድ ፋብሪካ ላይ አያ እያልን የምንጠራቸው ስቶር ኪፐር ነበሩ፣ ሽማግሌ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው የማያወርዱ። ህዳር ላይ 5,000 ኩንታል ገብቷል፣ ሚያዝያ ላይ ኦዲተር መጣ፣ 160 ኩንታል ጎደለ ብሎ ወረቀት ፃፈ። አያ ዝም አሉ። በኋላ ‹‹አንተ ልጅ፣ እስቲ እይልኝ፣ እኔስ አንድ ቁና አላወጣሁም›› አሉኝ። የህዳሩን የእርጥበት መዝገብ ፈለግሁት፣ 14 በመቶ ነበር፣ ሚያዝያ ላይ ለካሁት፣ 11። ስንዴው ውሃውን ነው የጣለው፣ ደረቁ አካል አልተነካም። 5,000 ሲባዛ በ86 ሲካፈል በ89፣ 4,831 ከምናምን፣ ማለትም 168 ኩንታል በአየር ላይ መሄድ ነበረበት። የጎደለው 160 ነው፣ አያ እንዲያውም 8 ኩንታል ትርፍ ነው ያላቸው። ኦዲተሩ ይቅርታ አላለም፣ ወረቀቱን ብቻ ቀደደው።

መፍትሄው ጂአርኤን ላይ የእርጥበት ቦታ መጨመር ነው፣ ኪሎ ብቻ ተጽፎ እርጥበት ያልተፃፈበት ጂአርኤን ግማሽ ወረቀት ነው። በየወሩ ለክታችሁ ሪከርዱን በዚህ ስሌት አስተካክሉ። ቢኦኤሙንም አብራችሁ አስተካክሉ፣ ምክንያቱም ደረቅ ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ከአንድ ኩንታል የሚወጣው ዱቄት ይበዛል፣ በ14 በመቶ ስንዴ 75 የነበረው በ11ዱ በስሌት ወደ 77.6 ይጠጋል። የህዳሩን ቁጥር ይዛችሁ ሚያዝያ ላይ ስታቅዱ ስንዴ ያለ ልክ ትገዛላችሁ። በግልባጩ ደሞ 14ም 15ም ሆኖ የገባ ስንዴ ሲከመር ይሞቃል፣ ይነቅዛል፣ ያኔ ሪከርዱ ልክ ሆኖ እቃው ነው የሚበላሸው።

ምልክት፦ ኤክሴሉ ትእዛዝ ይውጣል፣ ወይ ነሐሴ ላይ የታዘዘውን ሌላ ወር ላይ ያሳያል

ቀኑን በእኛ ካሌንደር እየጻፋችሁ ነው። ኤክሴል መስከረምን አያውቅም፣ የጻፋችሁትን በፈረንጅ ነው የሚያነበው። ቀኑ በፊት ወሩ በኋላ ተብሎ በተስተካከለ ኮምፒውተር ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ የካቲት 30 የሚባል ቀን በፈረንጅ ስለሌለ እንደ ቃል ይወስደዋል፣ የሳምንቱ ድምር ውስጥ አይገባም፣ ትእዛዙ ጠፋ ማለት ነው። ምልክቱ ቁጥሩ ወደ ግራ ይጠጋል፣ ደህናው ወደ ቀኝ። ወሩን በሚያስቀድመው ኮምፒውተር ደሞ ጳጉሜ 5ን 5/13 ብሎ የጻፈ ልጅ አጋጥሞኛል፣ ኤክሴሉ ሜይ 13 አርጎ ተቀብሎታል፣ የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ በግንቦት ተቀብሮ ተገኘ። መቀነስም ያሳስታል፣ ከጥቅምት 25 እስከ ህዳር 5 አስር ቀን ነው፣ 25/2/2017 እና 5/3/2017 ብላችሁ ስትቀንሱ 8 ይላችኋል። በዚህ ነው የጆንያ መምጫ ጊዜ ‹‹አጠረ›› ተብሎ የተነገረኝ።

የፈረንጁ ቀን በአንድ አምድ ይግባ፣ ሂሳቡ ሁሉ በሱ ይሰራ፣ የኛው ለሰው ንባብ ብቻ ጎኑ ላይ በቃል ይጻፍ። እና ጳጉሜን አትርሷት፣ አመቱን 12 ባለ 30 ቀን ወር ብቻ አርጎ የሚቆጥር ፕላን 5 ቀን፣ በየአራት አመቱ ደሞ 6 ቀን ይጥላል፣ ያውም ሱቅ ሁሉ ለአዲስ አመት ሲሰለፍ። በ1,440 ሂሳብ 5 ቀን 7,200 ጆንያ ነው።

ያልበዙ ነገሮች፦

ፉሩሽካ መጋዘኑ ሞልቶ ወፍጮ የቆመበት ጊዜ አለ፣ ዱቄት ሲታቀድ ፉሩሽካውም ይታቀድ፣ ክረምት ላይ ሳር ሲበዛ ከብት አድላቢው አይገዛም።

ከውጭ የሚመጣው ኩሽኔታና ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ) ስቶክ ካርድ የለውም በሚባልበት ቦታ ላይ ምንም አልልም።

የኢኮኖሚ ማዘዣ ብዛት የሚባለው፣ በአንዴ ስንት ቢታዘዝ ወጪው ያንሳል የሚለው፣ በፈረንጅ ከ1913 ጀምሮ ያለው ስሌት ጆንያ ላይ የሚሰራው ማተሚያው ትንሹ የሚቀበለው ብዛት ከሱ ካነሰ ብቻ ነው፣ ካልሆነ ማተሚያው ያላችሁን ታዛላችሁ።

ኢአርፒ (ግዢን፣ ምርትንና ሽያጭን የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ተገዝቶ ሁሉም ቁጥር ቅጥ ካጣ፣ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ፣ ግዢ በኩንታል፣ ምርት በኪሎ፣ ሽያጭ በጆንያ አስገብቶት ይሆናል። አንድ ጊዜ ሲስተሙ 45,000 ኩንታል ዱቄት በአንድ ቀን ተመረተ ብሎ ደብዳቤ አወጣ፣ ኪሎውን ነበር። ባለቤቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሎት ነበር።